ለከብት ማዳቀያ ስለሚያገለግለው ፈሳሽ ናይትሮጅን አያያዝ

የኮርማ ዘር ከአዲስ አበባ ቃሊቲ ተነሥቶ እስከ ላስታ ደጋ ሳይበላሽ የሚጓዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለ ሆነ የአቡነ ዮሴፍ ውርጭ እንኳ ከርሱ ጋራ አይነጻጸርም፤ ሥጋን እንደ እሳት ያቃጥላል። አዳቃዩ የዓይን መከላከያና ደረቅ የቆዳ ጓንት ሳያደርግ መያዣውን አይክፈት። ክዳኑንም አጥብቆ አይድፈን፤ ትነቱ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋልና።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ስለዚህ በላሊበላ መንገድ ብርዱ ቢጸናም መያዣው በተጫነበት መኪና መስኮት አይዘጋ፤ የሚቀመጥበትም ክፍል ነፋስ የሚገባበት ይሁን። በውስጡ ሰው ቢወድቅ፣ ክፍሉ ነፋስ ሳያገኝ ሌላው ተከትሎ አይግባ። ላም እናሻሽላለን ስንል ሰው እንዳናጣ፣ ሹሙ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይመርምር።