የኮራል ገንዳ ውኃን ላቦራቶሪ ማስመርመር፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ውጤት ንባብ

ቤቱ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ጨዋማነትን፣ አልካላይኒቲን፣ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ናይትሬትንና ፎስፌትን በራሱ መለካት ይችላል። ኮራሎቹ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲገረጡ ወይም ሥጋቸው ከአጽማቸው ሲላቀቅ ግን ውኃው ውስጥ መዳብ፣ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ገብቶ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው አይ ሲ ፒ የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ውኃው በሺዎች ዲግሪ ወደጋለ የአርጎን ፕላዝማ ይረጫል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ ብርሃን ስለሚያወጣ መጠኑ ከብርሃኑ ይሰላል። ትሪተን፣ ኤ ቲ አይ እና ፋውና ማሪን የተባሉት የጀርመን ድርጅቶች ናሙና በፖስታ ተቀብለው ይመረምራሉ።

ናሙና መውሰድ

ናሙናው ከተበላሸ ማሽኑ የሚያነበው ብልሽቱን ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ እዚህ ላይ ይሁን። ውኃ በቀየሩ ማግስት ናሙና አይውሰዱ። በየቀኑ ካልሲየም ወይም ሌላ ማሟያ የሚጨምሩ ከሆነ የዕለቱን ከመጨመርዎ በፊት ይቅዱ። እጅዎን በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ አንዳንድ የቆዳና የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ዚንክ አለባቸው።

ብልቃጡንና ክዳኑን በገንዳው ውኃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፤ እጣቢውን ወደ ገንዳው አይመልሱ። ከዚያ ብልቃጡን እንደተከደነ ውኃው ወደሚንቀሳቀስበት ቦታ ያስገቡ፣ እዚያው ውስጥ ይክፈቱት፣ ሲሞላ እዚያው ይክደኑት። እንዲህ ሲደረግ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ስስ ቅባት አይገባም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛ ብልቃጥ አለ፤ ጨው ከመጨመሩ በፊት ያለው የተጣራ ውኃ ናሙና። መዳብ እዚህ ከተገኘ ችግሩ ከቧንቧው ወይም ከማጣሪያው ነው፤ ገንዳውን መበርበር አያስፈልግም።

በዚያው ሰዓት ጨዋማነትንና አልካላይኒቲን ቤት ውስጥ ለክተው ይጻፉ። አይ ሲ ፒ የሚቆጥረው ንጥረ ነገሮችን ስለሆነ አልካላይኒቲን አይሰጥም፤ በሌላ መሣሪያ የሚለኩ ላቦራቶሪዎች ቢኖሩም ውኃው መንገድ ላይ ሊለወጥ ይችላል። ናይትሬትና ፎስፌትንም ባክቴሪያ ብልቃጡ ውስጥ ይመገባቸዋል። ፖስታው የዕረፍት ቀን እንዳይውልበት ናሙናውን በሳምንቱ መጀመሪያ ይላኩ።

ውጤቱን ማንበብ

ወረቀቱ ላይ ቀይ ያለውን ሁሉ ለማረም አይቸኩሉ። ጨዋማነቱ በሺህ 35 የሆነ የተፈጥሮ ባሕር ውኃ በሊትር ወደ 412 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 1,290 ማግኒዚየምና 400 ያህል ፖታሲየም ይይዛል። የእርስዎ ውጤት 388፣ 1,216 እና 376 ነው እንበል። ሦስቱም በ6 በመቶ ገደማ ዝቅ ብለዋል፤ ይህ የሦስት ንጥረ ነገሮች እጥረት ሳይሆን ጨዋማነቱ ወደ 33 የመውረዱ ምልክት ነው። ሦስት ዓይነት ማሟያ ገዝቶ መጨመር ገንዘብ ማባከን፣ ኮራሉንም ማንገላታት ነው። ሪፍራክቶሜትሩን፣ ማለትም የጨዋማነት መለኪያውን፣ ጨዋማነቱ 35 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉ፤ ከዚያ የሚተነውን ውኃ ለጥቂት ቀናት በጨው ውኃ እየተኩ ጨዋማነቱን ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ግን ያንኑ ለይተው ይጨምሩ።

ብረታ ብረት ከተገኘ መጀመሪያ ምንጩን ይፈልጉ። የመስታወት ማጽጃውን ማግኔት አውጥተው መጋጠሚያውን በጥፍር ይዳስሱ፤ ፕላስቲኩ ካበጠ ወይም ቡናማ መስመር ካወጣ ውኃ ገብቶበት ማግኔቱ ዝጓል። የማሞቂያውን መያዣ፣ የፓምፑን ውስጥ፣ የቱቦውን የናስ ማያያዣ ሁሉ እንዲሁ ይፈትሹ። መዳብ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው፤ ኮራልንም ይገድላል። በሊትር 40 ማይክሮ ግራም ቢገኝ የውኃውን ሩብ መቀየር ወደ 30 ብቻ ያወርደዋል፣ ሁለተኛው ወደ 22.5። ስለዚህ ብረት የሚይዝ ማጣሪያ ጎን ለጎን ያስገቡ።

አዮዲንን የመሳሰሉ በጥቂቱ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የመጨረሻ ሥራ ይሁኑ። በተፈጥሮ ባሕር ውኃ ውስጥ አዮዲን በሊትር ወደ 60 ማይክሮ ግራም ስለሆነ ትንሽ ጠብታ ብቻ ብዙ ለውጥ ታመጣለች። ጉድለቱን በብዙ ቀናት ከፋፍለው ይሙሉ፤ እርማቱ ካለቀ በኋላ ሁለተኛውን ናሙና ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቀድተው ይላኩ።