በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ሙያን በዕቅድ ስለ ማሳደግ

በግቢያችን ውስጥ ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን፥ ጨዋታ ጊዜ የሚበላ ከንቱ ነገር ስለ ሆነ ጨርሶ ይቅር ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን ክርክር ውስጥ ሳይገባ፥ ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ ጧት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአንዱ ወገን መፍረድ አይደለም። የሚጫወት ሰው በስንት ሰዓት ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ሊያሰላው እንደሚችል፥ ይህን ስሌት ያወቀም ከየት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን የት ላይ ማቆም እንደሚገባው እንደሚረዳ ለመግለጽ ነው።

ሀ. የጨዋታው ጠባይ

እዚህ ላይ የምንናገርለት ጨዋታ፥ ተጫዋቹ የአንድ ባለ ታሪክ ሚና ይዞ በሺህ ከሚቆጠሩ ሌሎች ተጫዋቾች ጋራ በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚኖርበት ነው። ባለ ታሪኩ ሲጀምር ምንም አያውቅም። እንጨት መቁረጥን፥ ዓሣ ማጥመድን፥ ምግብ ማብሰልን፥ መዋጋትን አንድ በአንድ እየተለማመደ በደረጃ ያድጋል። ዝቅተኛው ደረጃ ያልተሟላለት ሰው ወደ ከፍተኛው አይገባም፤ ፊደል ሳይቆጥር ንባብ፥ ንባብ ሳያጠራ ዳዊት እንደማይጀመር ሁሉ ማለት ነው።

ለምሳሌ የምንወስዳቸው ጨዋታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሩንስኬፕ ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር ተጀመረ፤ «ኦልድ ስኩል» የሚባለው የጥንቱ መልክ በ2013 እንደገና ተከፈተ፤ በ2018 ደግሞ በእጅ ስልክ ለመጫወት ተቻለ። ከፊሉ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ለተማሪ ይቀርባል። ሁለተኛው በ2003 በአይስላንድ አገር የወጣው ኢቭ ኦንላይን ሲሆን፥ በኮምፒዩተር የሚካሄድ የጠፈር ጨዋታ ነው። የሁለቱ ልዩነት ለትምህርታችን መሠረት ነው። በሩንስኬፕ ሙያ የሚያድገው ተጫዋቹ ራሱ ሲደክም ነው፤ በኢቭ ግን ተጫዋቹ ተኝቶም ሳለ ሙያው ያድጋል።

ለ. የደረጃዎች ዋጋ

በ«ኦልድ ስኩል» ሩንስኬፕ ለእያንዳንዱ ሥራ የልምድ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል፤ የመጨረሻው ደረጃ 99 ነው። ነገር ግን ደረጃዎቹ እኩል ዋጋ የላቸውም። ወደ ደረጃ 2 ለመግባት የሚያስፈልገው 83 ነጥብ ብቻ ነው። ደረጃ 30 ላይ ለመድረስ በጠቅላላው 13,363፥ ደረጃ 60 ላይ 273,742፥ ደረጃ 92 ላይ 6,517,253፥ ደረጃ 99 ላይ 13,034,431 ነጥብ ይፈለጋል።

እነዚህን ቍጥሮች ያስተዋለ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ዋጋው በየሰባቱ ደረጃ እጥፍ ያህል ስለሚሆን፥ ደረጃ 92 የደረሰ ተጫዋች «ሰባት ብቻ ቀረኝ» ይላል እንጂ፥ በነጥብ ሲታይ ገና መንገዱን አጋምሷል። ዓይን የሚያየው የደረጃውን ቍጥር ነው፤ ጊዜን የሚበላው ግን ነጥቡ ነው። ብዙ ተጫዋቾች የሚሳሳቱት ሁለቱን አንድ አድርገው ሲቈጥሩ ነው።

ሐ. ከፍጻሜው ወደ መነሻው ማቀድ

ዕቅድ የሚጀመረው ከመነሻው ሳይሆን ከፍጻሜው ነው። «ምን መሥራት እፈልጋለሁ?» ተብሎ ይጠየቅና፥ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው ደረጃ ይታወቃል፤ ከዚያም ወደ ኋላ እየተቈጠረ እስከ መነሻው ይወረዳል።

አንድ ተጫዋች ዩው የተባለውን ዛፍ ለመቁረጥ ይፈልጋል እንበል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእንጨት ቆረጣ ደረጃ 60 ነው። ተራው ዛፍ በአንድ ግንድ 25 ነጥብ፥ ከደረጃ 15 ጀምሮ የሚቈረጠው ኦክ 37.5 ነጥብ፥ ከደረጃ 30 ጀምሮ የሚቈረጠው አኻያ ደግሞ 67.5 ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሒሳቡ እንደሚከተለው ይሆናል።

1ኛ. ከመነሻው እስከ ደረጃ 15፤ 2,411 ነጥብ ለ25 ሲካፈል 97 ተራ ግንድ።

2ኛ. ከደረጃ 15 እስከ 30፤ 10,952 ነጥብ ለ37.5 ሲካፈል 293 የኦክ ግንድ።

3ኛ. ከደረጃ 30 እስከ 60፤ 260,379 ነጥብ ለ67.5 ሲካፈል 3,858 የአኻያ ግንድ።

ድምሩ 4,248 ግንድ ነው። ከዚህ ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የአኻያ መሆኑን እናስተውል። የፊተኞቹን 390 ግንዶች በፍጥነት ለመጨረስ መጨነቅ ብዙ ጥቅም የለውም፤ ጥበብ የሚያስፈልገው በአኻያው ላይ ነው።

መ. ሰዓትን መለካት

የግንዱ ብዛት ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ለዚህ የሌላውን ተጫዋች ጉራ ማመን አያስፈልግም። ስልኩ የከረመ፥ ኔትወርኩም የሚቈራረጥበት ሰው፥ ሌላ አገር ሆኖ በጥሩ መሥመር የሚጫወተውን ሰው ፍጥነት ሊያገኝ አይችልም። እያንዳንዱ ሰው ሰዓት ይዞ 20 ደቂቃ ቢቆርጥና ያገኘውን በ3 ቢያባዛ የራሱን ልክ ያገኛል።

የተጫዋቹ ከረጢት 28 ዕቃ ብቻ ይይዛል። ከረጢቱ ሲሞላ ሁለት መንገድ አለ፤ ግንዱን እዚያው ጥሎ መቀጠል ወይም ባንክ ወስዶ ማስቀመጥ። ከረጢት ለመሙላት 6 ደቂቃ፥ ባንክ ደርሶ ለመመለስ 2 ደቂቃ ይፈጃል ብለን እናስብ። የሚጥለው ሰው በሰዓት 280፥ የሚያስቀምጠው 210 ግንድ ይቆርጣል። ስለዚህ 3,858 አኻያ ለመቁረጥ የፊተኛው 14 ሰዓት ያህል ሲበቃው፥ የኋለኛው ከ18 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ በፍጻሜው ላይ የተመሠረተ ነው። ግንዱ ወይም የሽያጩ ገንዘብ በኋላ የሚያስፈልገው ከሆነ፥ አራቱ ሰዓት የግንዱ ዋጋ ነውና አልባከነም። የሚፈልገው ደረጃውን ብቻ ከሆነ ግን ባንክ የተመላለሰው በከንቱ ነው። ቅልጥፍና ማለት መሮጥ ብቻ አይደለም፤ ለማይፈልጉት ነገር ዋጋ አለመክፈልም ጭምር ነው።

ሠ. በአንድ ድካም ሁለት ሙያ

አንዳንድ ሥራዎች የሚመጋገቡ ናቸው። ደረጃ 20 የደረሰ ዓሣ አጥማጅ ትራውት የተባለውን ዓሣ ሲይዝ 50 የማጥመድ ነጥብ ያገኛል፤ ያንኑ ዓሣ ሳያሳርር ቢያበስለው ደግሞ 70 የማብሰል ነጥብ ይጨመርለታል። የቆረጠውን ግንድ የሚያነድም እንደዚሁ ለእሳት ማንደድ ሙያው ነጥብ ያገኛል። የደንበል ሐይቅ አጥማጅ ቆሮሶውን ይዞ ወደ ውኃው መልሶ አይጥለውም፤ ለገበያው ወይም ለድስቱ ያደርገዋል እንጂ። ይሁን እንጂ ሁለተኛውን ሙያ የማይፈልግ ሰው ስለ ተገኘ ብቻ አብሮ ቢያሠለጥን፥ ያው የባንኩ መንገድ ነው።

ረ. ተኝተው የሚያሠለጥኑበት ጨዋታ

ኢቭ ኦንላይን በሌላ ሕግ ይሠራል። ተጫዋቹ የሚማራቸውን ሙያዎች በወረፋ ያሰልፋል፤ ነጥቡም እርሱ ኖረም አልኖረ በየደቂቃው ይቈጠራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሒሳቡ የሚካሄደው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለ ሆነ አይቋረጥም።

ባለ ታሪኩ አምስት የተፈጥሮ ጠባዮች አሉት፤ እነርሱም ብልህነት፥ ማስታወስ፥ ማስተዋል፥ ቈራጥነትና ግርማ ሞገስ ናቸው። እያንዳንዱ ሙያ አንድ ዋና፥ አንድ ረዳት ጠባይ አለው። በደቂቃ የሚገኘው ነጥብ፥ የዋናው ቍጥር ሲደመር የረዳቱ ግማሽ ነው። ሁለቱም 20 ቢሆኑ 20 እና 10፥ ማለት በደቂቃ 30 ነጥብ ይገኛል። ጠባዮቹን እንደገና ደልድሎ ዋናውን 27፥ ረዳቱን 21 ያደረገ ሰው 37.5 ያገኛል። ድልድሉ ግን በመደበኛው በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈቀድ ስለ ሆነ፥ በዓመቱ ውስጥ የሚማረውን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ይቸገራል። ሳይከፍል የሚጫወት ደግሞ የሚሠለጥነው በግማሽ ፍጥነት ነው።

እያንዳንዱ ሙያ አምስት ደረጃ አለው። ቀላል በሆነው ሙያ እስከ አራተኛው ደረጃ በጠቅላላው 45,255 ነጥብ፥ እስከ አምስተኛው 256,000 ነጥብ ያስፈልጋል። በደቂቃ 30 ነጥብ ሲታሰብ አራቱ ደረጃዎች በአንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ያህል ያልቃሉ፤ አምስተኛው ብቻውን ከ4 ቀን ከ21 ሰዓት ይፈጃል። ማባዣው 8 በሆነው ከባድ ሙያ ደግሞ አምስተኛው ብቻውን 39 ቀን ይወስዳል። ጥቅሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ደረጃ እኩል ነው፤ የፊተኛው ደረጃ 5 ከመቶ ከጨመረ የመጨረሻውም የሚጨምረው ያንኑ 5 ከመቶ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። ብዙውን ሙያ እስከ አራተኛው አድርሶ መተው፤ አምስተኛውን የሚሹት ወይ ሌላ በር የሚከፍቱ ወይ የዕለት ተዕለት ሥራችን የሆኑ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በአገራችን የሊቃውንት ጉባኤም ቢሆን አራት ዓይና የሚባለው ጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው በአንዱ ጉባኤ ተመርቆ በሌላው የሚበቃውን ያህል ይዞ ያገለግላል። ስለዚህም ማንም አላዋቂ ብሎ አይነቅፈውም።

የወረፋው አደራደር ደግሞ ጊዜን ይከተላል። አጫጭሮቹ ሙያዎች ቶሎ ቶሎ መታየት ስለሚፈልጉ ለዕረፍት ጊዜ ይመደባሉ። ረጃጅሞቹ ለፈተና ሰሞን ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ የ39 ቀን ሙያ ወረፋ ላይ የተወ ተማሪ ጨዋታውን ለመክፈት ምክንያት የለውም።

ሰ. የቡልቡላ ተማሪ ዕቅድ

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አንድ ተማሪ ኑሮ እናምጣው። በክረምት ወደ ቡልቡላ የሚመለስ ተማሪ ቀኑን በእርሻው ወይም በሱቁ ቤተሰቡን ይረዳል፤ ማታ መብራትና የስልክ ጥቅል ካለው ግማሽ ሰዓት ይጫወታል። በ60 ቀን 30 ሰዓት ማለት ነው። ለተራው ዛፍና ለኦክ 2 ሰዓት፥ ለአኻያው 14 ሰዓት ቢመድብ፥ እንጨት ቆረጣውን ደረጃ 60 አድርሶ 14 ሰዓት ለማጥመድና ለማብሰል ይተርፈዋል። ዕረፍቱ ሲያልቅ ያሰበውን አግኝቷል።

ይኸው ተማሪ ግን ደረጃ 99 ካልሆንሁ ቢልስ? በ99 የደረሰ ከፋይ ተጫዋች በ99,000 የጨዋታው ሳንቲም የክብር ካባ ይገዛል፤ ካባውም በሌሎች ፊት ያኮራል። በዚያው በሰዓት 280 አኻያ ስሌት ከ92 እስከ 99 ያለው መንገድ ብቻ 345 ሰዓት ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት ለ16 ሳምንት የሚሰጥ አንድ ኮርስ 48 የክፍል ሰዓት አለው። ስለዚህ ሰባቱ ደረጃዎች ከሰባት ኮርስ የክፍል ሰዓት የበለጠ ይበላሉ። ደረጃው ሲያድግ ቆረጣው ስለሚፈጥን እጥፍ ይፍጠን ብንል እንኳ ከሦስት ኮርስ በላይ ነው።

የቡልቡላ ልጆች ይህን ነገር ከወንዛቸው ሊረዱት ይችላሉ። የቡልቡላ ወንዝ ከደንበል ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። በላይ በኩል ውኃው ለመስኖ በተቀዳ ቍጥር ወደ አቢጃታ የሚደርሰው ያንሳል፤ የአቢጃታ ዳርቻም በእኛ ዘመን ሸሽቷል። ከላይ የሚቀዳ ሁሉ በደለኛ አይደለም፤ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ለሰው ምግብ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ከታች ያለው ሐይቅ ስንት እንደሚያስፈልገው ሳይታሰብ ሲቀዳ ነው። የተማሪም ሰዓት እንዲሁ ነው። ማታ በጨዋታ የተቀዳው፥ ጧት በክፍል፥ በሰኔም በፈተና ላይ ይጎድላል። ስለዚህ ለታችኛው ሐይቅ የሚበቃው አስቀድሞ ይለካ፤ የተረፈው ይቀዳ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የሚጫወት ተማሪ አራት ነገር በወረቀት ላይ ይጻፍ። የሚፈልገው ሥራ ምን እንደሆነ፤ ለዚያ ስንት ነጥብ እንደሚቀረው፤ በራሱ ሰዓት የለካው ፍጥነት ስንት እንደሆነ፤ የሚያቆምበትም ደረጃ የቱ እንደሆነ። ሦስቱን የሚጽፍ ብዙ ነው፤ አራተኛውን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ሌላ ደረጃ ማስቀመጥን ያውቁበታል፤ የማቆሚያውን ቦታ ማስቀመጥ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም። ያ የተጫዋቹ ፈንታ ነው።