«ሆቢ?» ለሚለው ጥያቄ ምን ይመለሳል? ራስን ማስተዋወቅ በጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተናና በአማርኛ ልማድ

መግቢያ

በባዕድ አገር ኑሮ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ከሚማራቸው የንግግር ዓይነቶች አንዱ ራስን ማስተዋወቅ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቋንቋዎች የጋራ ማመሳከሪያ ማዕቀፍ ዝቅተኛው ደረጃ ኤ1 ይባላል፤ በዚህ ደረጃ ከሚጠበቁት ችሎታዎች መካከል ራስንና ሌላውን ሰው ማስተዋወቅ፣ እንዲሁም ስለ መኖሪያና ስለሚታወቁ ሰዎች መጠየቅና መመለስ ይገኛሉ። ይህ ግን የመማሪያ ክፍል ልምምድ ሆኖ አይቀርም። ጀርመን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባሉ ወይም ከሚስቱ ጋር ለመኖር ቪዛ የሚጠይቅ የውጭ አገር ዜጋ፣ ሕጉ ለይቶ ነፃ ካላደረገው በቀር፣ ከጉዞው በፊት ቀላል ጀርመንኛ መናገር እንደሚችል እንዲያረጋግጥ ደንግጋለች። ማረጋገጫው እንደ ልማዱ የኤ1 ፈተና የምስክር ወረቀት ነው። እንግዲህ የሁለት ባለትዳሮች ተገናኝቶ መኖር በከፊልም ቢሆን አንደኛው ራሱን በጀርመንኛ ማስተዋወቅ በመቻሉ ላይ ይወሰናል ማለት ነው።

ከእነዚህ ፈተናዎች የታወቀው የጎተ ተቋም የሚሰጠው «ስታርት ዶይች 1» ነው። የንግግሩ ክፍል በቡድን የሚካሄድ ሲሆን የመጀመሪያው ተግባር ራስን ማስተዋወቅ ነው። ለተፈታኙ የሚሰጠው ወረቀት ሙሉ ጥያቄ የለበትም፤ ሰባት ቃላት ብቻ ሰፍረውበታል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሥራ፣ ሆቢ። ከዚያ በኋላ ፈታኙ አንድ ቃል በፊደል ከፋፍሎ እንዲናገርና አንድ ቁጥር እንዲጠራ ያዝዘዋል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሰባቱ ቃላት የቃላት ትምህርት ብቻ አለመሆናቸው ነው። አንድ እንግዳ ሰው ሲተዋወቁት ስለ ራሱ ምን ሊናገር ይገባዋል የሚለውን ልማድ ተሸክመዋል። አማርኛ ተናጋሪው አብዛኞቹን ያለ ችግር ይሞላቸዋል። ስምና ሆቢ ላይ ሲደርስ ግን የቃሉን ፍቺ ማወቁ ብቻውን አይበቃውም።

ስም፦ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ

ስለ ስም ብዙ ስለሚታወቅ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በአማርኛ ልማድ ከመጠሪያ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለም። ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ ልጆችም በአባታቸው የመጠሪያ ስም ይከተላሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩ ባል፣ ሚስትና ልጅ በጀርመን ቅጽ ላይ ሦስት የተለያዩ «የቤተሰብ ስሞች» ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» እየተባለ መጠራቱን፣ ኃይሌም «ገብረሥላሴ» መባሉን ያስታውሷል። እኛ ጆሮ ላይ ይህ አባትየውን እንደ መጥራት ነው።

በፈተናው የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው፤ ፊደል ቆጥሮ መናገር። ጠ፣ ጸ፣ ቀ፣ ጨ ያሉባቸው ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ ከሰው ሰው ይለያያል። ተፈታኙ ሊናገር የሚገባው የስሙን ድምፅ ሳይሆን በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን የፊደል ቅደም ተከተል ነው። አስተማሪው ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስለምድ ተማሪው በኋላ በማዘጋጃ ቤት፣ በባንክና በሐኪም ቤትም ይጠቀምበታል።

ሆቢ፦ ትርፍ ጊዜ የማን ነው?

ዋናው ጉዳይ ሰባተኛው ቃል ነው። መዝገበ ቃላት «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጣ የቆየች ሴት «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዬን አከናውኜ መጣሁ» አትልም። ሐረጉ የቅጽ፣ የመጠይቅና የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ቋንቋ ነው። ጊዜን ለሁለት ከፍሎ አንዱን የሥራ፣ ሌላውን የግል ትርፍ ያደርገዋል። («ትርፍ» የነጋዴም ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።)

ሰው ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ግን አይደለም። የጎረቤት ቡና፣ በወር አንድ ጊዜ በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም የሚደገሰው ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የዕድር ስብሰባ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ቅዳሜ ማታ ተሰብስቦ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ማየት፣ ይህ ሁሉ ሰዓት የሚወስድ፣ ብዙውም የሚናፈቅ ነገር ነው። ሆቢ ተብሎ የማይጠራው ሁለት ነገር ስለሚጎድለው ይመስለኛል። አንደኛ፣ ግለሰቡ ብቻውን የመረጠው አይደለም፤ ከቀረ «ምነው ጠፋህ?» ይባላል። ሁለተኛ፣ የሰውን ልዩ ጠባይ ለመግለጽ አያገለግልም፤ ቡና እወዳለሁ ማለት ከሌላው ሰው አይለይም።

ስለዚህ ተፈታኙ ወረቀቱ ላይ «ሆቢ» የሚል ሲያይ የራሱን ኑሮ ትቶ ከመማሪያ መጽሐፉ ሦስት ነገር ይበደራል፦ ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ መዋኘት። ዋና የማይችል ሰው «መዋኘት እወዳለሁ» ብሎ ነጥቡን ሊያገኝ ይችላል፤ ፈታኙ የሚመዝነው ቋንቋውን እንጂ እውነቱን አይደለምና። ጉዳቱ የሚታየው ጀርመን ከደረሰ በኋላ፣ ያው ጥያቄ ከሥራ ባልደረባ ወይም ከጎረቤት አፍ ሲመጣ ነው። ጠያቂው «የት ነው የምትዋኘው?» ብሎ ይቀጥላል፤ የተሸመደደው መልስ እዚህ ላይ ያልቃል።

በሰዋስው በኩልም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አማርኛ «ወደደ» በሚለው አንድ ግሥ ሰውንም፣ ምግብንም፣ ጨዋታንም ይገልጻል። ጀርመንኛ ለድርጊት በተለመደው አነጋገሩ «ገርን» የምትለዋን ተውሳከ ግሥ በዋናው ግሥ ላይ ይጨምራል፤ «በደስታ አነባለሁ» እንደ ማለት ነው። ተማሪው «እወዳለሁ» የሚለውን ቀጥታ ሲተረጉም ለፍቅር የሚውለውን ግሥ ለድንች ጥብስ ያውለዋል። «ደስ ይለኛል» ከሚለው አማርኛ መነሣት ለዚህ ይበልጥ የሚቀርብ መንገድ ነው፤ ትኩረቱ ከተወደደው ነገር ይልቅ በድርጊቱ ጊዜ በሚሰማው ደስታ ላይ ነውና።

ጥያቄው ወዴት ያመራል?

ጀርመን ውስጥ ሆቢ ብዙ ጊዜ ከ«ፌርአይን» ጋር የተያያዘ ነው። ፌርአይን አባላት መዋጮ የሚከፍሉበት፣ መተዳደሪያ ደንብና ተመራጭ ሊቀ መንበር ያለው ማኅበር ሲሆን በመዝገብ የሰፈሩት ብቻ ከ600,000 በላይ ናቸው። እግር ኳስ፣ መዘምራን፣ አትክልት ማልማት፣ ተራራ መውጣት ሁሉ በማኅበር ይካሄዳሉ። «ሆቢህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ውስጡ «የት ትገባለህ? ከማን ጋር ትውላለህ?» የሚል ጥያቄ አለው።

መዋጮ፣ ደንብ፣ ዳኛና ጸሐፊ ያለው ዕድር ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ዕድር የሚቆመው ለችግር ቀን ነው፣ የዝማሬ ፌርአይን ለመዝሙር። ነገር ግን አባልነት፣ ተራ፣ መቅረትና መቀጣት ምን እንደሆኑ ተማሪው አስቀድሞ ያውቃል። ትምህርቱ ከዚህ ቢነሣ «ሆቢ» ከባዶ የሚፈጠር የግል ጠባይ መሆኑ ይቀርና ተማሪው በእውነት የሚያደርገው ነገር ይሆናል።

ለኤ1 ተማሪ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮችም ከዚህ ይገኛሉ፦ «ቅዳሜ ጓደኞቼን እጋብዛለሁ። ቡና እቆላለሁ። ሦስት ጊዜ እንጠጣለን።» እነዚህ ከ«መዋኘት» የሚከብድ ሰዋስው የላቸውም፤ አጭር የአሁን ጊዜ ግሥ፣ አንድ የቀን ስም፣ አንድ ቁጥር ይበቃቸዋል። «ሦስት ጊዜ ለምን?» ተብሎ ቢጠየቅ ደግሞ ተማሪው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መዘርዘር ይችላል። አስተማሪው በቅድሚያ ሊያዘጋጅ የሚገባውም ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ በልምምድ ጊዜ አንዱ ተማሪ ራሱን ሲያስተዋውቅ ጎረቤቱ ዝም ብሎ ተራውን ከሚጠብቅ «የት?»፣ «መቼ?»፣ «ከማን ጋር?» ብሎ እንዲጠይቅ ቢደረግ የፈተናው ሁለተኛ ክፍል፣ መጠየቅና መመለስ፣ በዚያው ይለመዳል።