ተመልሶ ስለሚመጣ የልብ ኀዘን

አንባቢ ሆይ፥ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት ተጣልተው ብዙ ዘመን ሳይነጋገሩ ኖሩ እንበል። በኋላም ሽማግሎች ገብተው አስታረቋቸው፤ የተበደለውም ከልቡ ይቅር አለ፤ አብረውም በሉ፥ ጠጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዘመድ ሰርግ ላይ ያ ወንድሙ የአባታቸውን በርኖስ ደርቦ ሲገባ ባየ ጊዜ ደረቱ ተቃጠለ፤ የጎረሰው እንጀራም በጉሮሮው አልወርድ አለ። ሌሊቱንም «ይቅር ማለቴ ውሸት ኖሮአልን? ክርስቲያንስ ነኝን?» እያለ ሲገላበጥ አደረ።

እንዲህ ያለ ሌሊት አግኝቶህ ያውቅ እንደ ሆነ ይህ ትምህርት ለአንተ ነው። የአንተ ቁስል የርስት ነገር ባይሆን፥ ነገር ግን በስድብ ያለፈ ልጅነት፥ ወይም የፈረሰ ትዳር፥ ወይም ሳትሰናበተው የሞተ ሰው ቢሆን፥ ጠባዩ አንድ ነው። የዳነ መስሎህ ሳለ አንድ ድምፅ፥ አንድ ሽታ፥ አንድ የመታሰቢያ ቀን ይነካውና እንደ ገና ይደማል።

ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል አስተማሪዎች አሉ፥ «በእውነት ይቅር ብለህ ቢሆን ኖሮ በረሳኸው ነበር» ይላሉ። ይህ ነገር መንፈሳዊ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቁስለኛውን ሁለተኛ ያቆስለዋል፤ በሕመሙ ላይ እፍረትን ይጨምርበታልና። ከዚያ ወዲያ ሰውየው መደበቅን ይማራል፤ በጉባኤ ፈገግ ይላል፥ በቤቱ ግን ይጠወልጋል። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አያስተምርም፤ ምስክሩም ዮሴፍ ነው።

ዮሴፍ የ17 ዓመት ብላቴና ሳለ ወንድሞቹ ልብሱን ገፈው ወደ ጕድጓድ ጣሉት፤ በ20 ብርም ተሸጠ። በባርነትና በግዞት ቤት ከቆየ በኋላ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ። የበኵር ልጁንም ምናሴ ብሎ ሰየመው፤ ይህም ስም እግዚአብሔር ያለፈውን መከራ እንዳስረሳው የሚመሰክር ነው። ልጁን በጠራ ቍጥር ይህን ምስክርነት በአፉ ይናገር ነበር፤ ምስክርነቱም ሐሰት አልነበረም።

ነገር ግን ራብ ሆነና ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ ወረዱ። በአስተርጓሚ ይናገራቸው ስለ ነበር ቋንቋቸውን የሚሰማ አልመሰላቸውም፤ ስለዚህ ያን ቀን ወንድማቸው ሲለምናቸው አለመስማታቸውን እያነሡ በፊቱ እርስ በርሳቸው ተጸጸቱ። ዮሴፍም ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ። ከተሸጠ ከ20 ዓመት በላይ አልፎት ነበር። በሁለተኛው ጕዞአቸው ታናሹን ብንያምን ባየ ጊዜ ወደ ጓዳው ገብቶ አለቀሰ፤ ፊቱንም ታጥቦ ወጣና ገበታ እንዲቀርብ አዘዘ። እኔ ይህን ፊት መታጠብ እጅግ እወደዋለሁ፤ ከእኛ መካከል ፊቱን ታጥቦ ወደ እንግዶቹ ያልተመለሰ ማን ነው? በመጨረሻ ግን መታገሥ አቅቶት ግብፃውያኑን ሁሉ አስወጣና የፈርዖን ቤት እስኪሰማ ድረስ እያለቀሰ ማንነቱን ገለጠላቸው።

በዚህም አላበቃም። አባታቸው ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ በሞተ ጊዜ ወንድሞቹ አሁን ይበቀለናል ብለው ፈርተው መልእክት ላኩበት፤ ዮሴፍም እንደ ገና አለቀሰ። ዓመቱን ብትቈጥር ዕድሜው ያን ጊዜ 56 ያህል ነው፤ ከተሸጠም 39 ዓመት ያህል ሆኖታል።

እንግዲህ አስተውል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያለቀሰው ልጁን ምናሴ ብሎ የሰየመው ሰው ነው። ይቅርታ በቀልን ለእግዚአብሔር መተው ነውና በፈቃዳችን ይሆናል፤ ትዝታ ግን ስንጠራው ብቻ አይመጣም፥ ስናሰናብተውም ወዲያው አይሄድም። ዮሴፍ በብርቱ ቃል ተናግሯቸው ነበር፥ ስምዖንንም አስሮት ነበር፤ ነገር ግን ካለቀሰ በኋላ ስልቻቸውን እህል አስሞላ፥ ብራቸውንም መለሰ፥ ለመንገድም ስንቅ ሰጣቸው። ይቅርታህን ለመመዘን ብትወድ በእንባህ አትመዝነው፤ እንባው ከደረቀ በኋላ እጅህ ያደረገውን ተመልከት።

ይህም ደግሞ ይታወቅ፤ ዮሴፍ ለወንድሞቹ ወዲያው አልተገለጠም፥ ፈተናቸው እንጂ። የተገለጠውም ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ብሎ ከለመነ በኋላ ነው። ይቅር ማለት ዛሬም በትር ይዞ ለቆመ ሰው ጀርባን ማዘጋጀት አይደለም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ይቅር በዪውና ተመለሺ» ብለው ብቻ የሚሸኙ ሽማግሎች ይህን ታሪክ ደኅና አድርገው ያንብቡት።

ሕመሙ በተመለሰ ጊዜ አትሽሽ፤ በስሙ ጠርተህ በጸሎት ለጌታ ንገረው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በከሰል እሳት አጠገብ ሲሞቅ ነበር፤ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር የጠበቀው በሌላ የከሰል እሳት አጠገብ ነው፤ በዚያም ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጴጥሮስ አዘነ፤ ነገር ግን በጎችን የማሰማራት አደራ የተሰጠው በዚያው ስፍራ ነው።

ምሥጢር ለሚጠብቅ አንድ ሰውም ተናገር፤ ብቻህን የተሸከምኸው ሸክም በሌሊት ይከብዳልና። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቁህ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሞትን መመኘት ከጀመርህ አንድ ቀን እንኳ አትቈይ፥ ብቻህንም አትሁን። ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን መካድ አይደለም፤ ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ዛሬ ማታ ኦሪት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 42 ጀምረህ እስከ 45 ድረስ አንብብ። ዮሴፍ ፊቱን ከታጠበበት ስፍራ ስትደርስ መጽሐፉን ክፍት አድርገህ አስቀምጠውና ያ ሰው ያደረገብህን ነገር ለእግዚአብሔር ንገረው፤ ከዚያም ቀጥል።