የሳይንስ ትምህርት፦ የዛፍ እንቁራሪትና ዘማሪዋ ወፍ

እንቁራሪትንና ወፍን ምን ያገናኛቸዋል? ሁለቱም የጀርባ አጥንት አላቸው፤ ዝምድናቸው ግን ከዚያ ብዙም አያልፍም። ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ሁለት እንስሳትን እናነጻጽራለን።

የመጀመሪያው በሳይንስ ስሙ ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ የሚባለው የዛፍ እንቁራሪት ነው። መደቡ እንቁራሪት አስተኔ ነው። ስሱና እርጥቡ ቆዳው ከሳንባው ጋር ለመተንፈሻ ያገለግለዋል። በጣቶቹ ጫፍ ያሉት ክብ መያዣዎች ቅጠልና ግንድ ላይ ለመውጣት ይረዱታል።

ሁለተኛዋ በእንግሊዝኛ የአቢሲኒያ ካትበርድ ትባላለች። መደቧ አዕዋፍ ነው፤ ሙቅ ደም፣ ላባና ጠንካራ ቅርፊት ያለው እንቁላል አላት። ግራጫ ናት፤ ከጅራቷ ሥር ግን ቀላ ያለች ነች። ወንዱ ሲዘምር ሴቷ በራሷ ድምፅ ትቀበለዋለች። ይህች ወፍ የማን ዘመድ እንደሆነች ሊቃውንትን ብዙ ዘመን አከራክራለች። ክርክሩ መልስ ያገኘው የዘር ቅንጣት ምርመራ ሲመጣ ነው፤ ሲልቪዳ ከሚባለው ቤተሰብ ተመደበች። መልክና ድምፅ ብቻ አይቶ መመደብ እንደሚያሳስት ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱም በደጋ ይኖራሉ፤ በባሌ ተራሮችም ይገኛሉ። ወፏ ጽድ፣ ኮሶና ቀርከሃ ባለበት ደን ትውላለች፤ የጽድ ፍሬና ነፍሳት ትበላለች። በደን ዳርና በቁጥቋጦም አትቸገርም። የእንቁራሪቱ ጉዳይ ግን ከባድ ነው። የእርሱ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን ውኃ አጠገብ አፈር ውስጥ ይቀብራሉ፤ ሲፈለፈሉ እጮቹ ወደ ውኃው ይገባሉ። ስለዚህ ዛፉም፣ እርጥቡ አፈርም፣ ንጹሑ ውኃም ያስፈልጉታል። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ ትውልዱ ይቋረጣል።

ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር፣ የምንጩ ዳር በከብት ሲረገጥ፣ ወፏ በርራ ሌላ ጥግ ትፈልጋለች፤ እንቁራሪቱ ርቆ መሄድ አይችልም። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ እርሱ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ሲቆጠር፣ ወፏ ብዙም ከማያሰጉት መካከል ናት። በዓለምም እንዲሁ ነው፦ ከወፍ ዝርያዎች ከ8 አንዱ ያህል ሲያሰጋ፣ ከእንቁራሪት አስተኔዎች ከ5 ሁለቱ ያህል አደጋ ላይ ናቸው። አዕዋፍን ብዙ ሰው ይወዳቸዋል፤ ለእንቁራሪት የሚቆረቆር ግን ጥቂት ነው። በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ ለሁለቱም ይጠቅማል።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. የእንቁራሪቱ ቆዳ ቢደርቅ ምን ይደርስበታል?
2. የምንጭ ዳር ዛፎች ሲቆረጡ ከሁለቱ ቀድሞ የሚጎዳው የትኛው ነው? ለምን?