መልእክቱን ገና አትላኪው

እህቴ፣ ቆዪ፣ ገና አትላኪው። «ክብርት ዶክተር፣ በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቅኩ ስሆን ሜንተር እንዲሆኑኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ነው ያልሽው? አክብሮቱ ጥሩ ነው። ግን እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አንብቢው። ቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ ከማሳ ማሳ ሲዞሩ ውለው ማታ ቴሌግራም ሲከፍቱ፣ የማያውቋት ልጅ መጨረሻው የማይታወቅ ኃላፊነት ስታሸክማቸው ያገኛሉ። እሺ ቢሉ ምን ሊያደርጉ ነው? እምቢ ማለትም ይከብዳል። ስለዚህ ዝም ይላሉ፤ አንቺም ናቁኝ ብለሽ ታዝኛለሽ።

ትልቅ ሰው የሚቀረበው በሥራ በኩል ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ታውቂያቸዋለሽ፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት። ወሎንኮሚ፣ ባለ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ውስጥ ነው ያደጉት። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ሐረማያ፣ ሲመረቁ መምህራቸው ጆን አክስቴል ከሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ጋር አገናኟቸው። አክስቴል የአገሩን የማሽላ ዝርያ እየዞሩ በመሰብሰብ እንዲያግዙት ጠየቃቸው፤ አገዙት። ፐርዱ መጥተህ ከእኔ ጋር ተማር ያላቸው ሥራቸውን ካየ በኋላ ነው።

መሃል ላይ ያገናኘ መምህር እንዳለ ልብ በይ። የአንቺንስ የመመረቂያ ጽሑፍ ያማከሩሽ መምህር የት አሉ? ከተመረቅሽ ወዲህ ደውለሽላቸው ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ለእሳቸው ደውዪ። «እገሌ ናቸው የላኩኝ» የሚል መልእክት እና ከሜዳ የመጣ መልእክት በእኛ አገር ሰማይና ምድር ናቸው።

ሁሩታ ተቀምጬ ምን አገኛለሁ አትበይ። የምትኖሪው ስንዴ መሃል ነው፤ የአገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብረው ቁሉምሳ ደግሞ ኢተያን አልፈሽ አሰላ ሳትገቢ ታገኚዋለሽ። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ምን እንዳደረገው አጎታችንን ጠይቂ። ከዚያ ማሳው ውስጥ ግቢና በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም ዶክተር። ስልክዎን የሰጡኝ መምህሬ ናቸው። ያለሁት ሁሩታ ነው። በአጎቴ ስንዴ አገዳ ላይ ረዘም ረዘም ያለ፣ ልጡን የሰነጠቀ ቀይ ቡናማ ነገር አየሁ፤ ስነካው ጣቴ ላይ ዱቄት ቀረ። ቢጫ ዋግ ቢሆን ቅጠሉ ላይ በመስመር ይወጣ ነበር ብዬ ግንድ ዋግ ነው ብያለሁ። ፎቶ አያይዣለሁ። ተሳስቼ ይሆን?»

ይህን ለመመለስ ሁለት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ደግሞ ለእሳቸውም ይጠቅማል፤ ዋግ በነፋስ ስለሚዛመት የት እንደታየ ቶሎ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሜንተር የሚለውን ቃል ግን ለጊዜው ተዪው። ሦስት አራት ጊዜ ጠይቀሽ ከመለሱልሽ ነገሩ ሳይጠራ ጀምሯል ማለት ነው።

ሴት መምረጥሽን ወድጄዋለሁ። አዋርድ የሚባል የአፍሪካ ሴት የግብርና ተመራማሪዎች ፕሮግራም አለ፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዷን ከአንድ አማካሪ ጋር ሲያጣምር፣ እሷም በተራዋ ታናሿን እንድታማክር ሲያደርግ ቆይቷል። በዚያ ካለፉት መካከል ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ ስለዚህ ስትጠይቂ ልመና አይምሰልሽ።

የምትጠይቂው ሰው ወንድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ስሚኝ፤ ስለምሳሳልሽ ነው። ስለ ሥራ የሚወራው በሥራ ሰዓት፣ ቢሮ ወይም ማሳ ላይ ነው። «ማታ አዳማ እራት እየበላን እናውራ» ካለሽ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን አትሂጂ። «አይመቸኝም» በይ፣ በቃ፤ ምክንያት መደርደር የለብሽም። ለእኔም ንገሪኝ፣ በማንኛውም ሰዓት።

ዶክተሯ ከመለሱልሽ በኋላ ደግሞ እንዳትጠፊ። ብዙ ልጆች «አመሰግናለሁ» ብለው እዚያው ያበቃሉ። ይህን አንብቢ ካሉሽ አንብበሽ ያልገባሽን ለይተሽ ጠይቂ፤ ለአጎታችን ይህን ንገሪው ካሉሽ ነግረሽ በሳምንቱ ማሳው ምን እንደሆነ ጻፊላቸው። ባይሳካም ጻፊ፦ «እንዳሉኝ ነግሬው ነበር፤ ግን መድኃኒቱን የረጨው ዘግይቶ ነው፤ ግማሹ ተበላሽቷል» ብለሽ፣ ከአዲስ ፎቶ ጋር።