ስለ ፖም አትክልት ቦታ፤ ሳይታሰብም ስለሚመጣው ችግር

ፖም በኢትዮጵያ ደጋ የቈየ ተክል አይደለም። በጋሞ ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በጨንቻ፥ ሚሲዮናውያን ያመጡት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ከገብሱና ከእንሰቱ አጠገብ በብዙ ጓሮ ተተክሎ ይገኛል፥ ችግኙም ወደ ሌሎች ደጋ አገሮች ተወስዷል። ፖም ለመትከል የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈራው ድርቅን፥ በረዶን፥ ከብትንና ሌባን ነው። ለእነዚህ አጥር ያጥራል፥ ውሃ ይጠልፋል፥ ጠባቂ ያቆማል። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ አትክልተኛውን የሚያሳዝነው ከውጭ የሚመጣው ጠላት ሳይሆን የዛፉ የራሱ ጠባይ ነው። ዛፉ ለምልሞ ሳለ አያብብም፤ ወይም አብቦ አያፈራም፤ ወይም አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ በሚቀጥለው ዓመት ባዶውን ይቆማል። የገብስ መሬቱን ለፖም የሰጠ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠብቃልና፥ ስሕተቱን የሚያውቀው ገብሱም ፖሙም ከቀረበት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የዛፉ እንቅልፍ ነው። ፖም የብርድ አገር ዛፍ ስለ ሆነ በተወለደበት አገር የብርዱ ወራት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል። ከእንቅልፉም የሚነቃው በቂ ብርድ ካገኘ በኋላ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ የፖም ዓይነቶች ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ ከ800 እስከ 1000 ሰዓት፥ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እጅግ ቢበርድም ቀኑ ፀሓይ ነው፤ የቀኑም ሙቀት የሌሊቱን ብርድ ሥራ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ዛፉ በሙሉ አይተኛም፥ በሙሉም አይነቃም። ምልክቱም ይህ ነው፤ ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ይወጣል፥ መካከሉ እንደ በትር ራቁቱን ይቀራል፤ በአንድ ዛፍም ላይ አሮጌ ቅጠልና አዲስ አበባ፥ ለጋ ፍሬና የበሰለ ፍሬ ባንድ ጊዜ ይታያል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ዛፉ ተራበ ብሎ ፍግ ይጨምርለታል፤ ፍጉም ቅጠሉን ያበዛል እንጂ አበባውን አያመጣም።

ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዓይነት መርጦ መትከል ነው። በእስራኤል አገር የተገኘው አና የሚባለው ፖም 300 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ብርድ ይበቃዋል። ሁለተኛው ቅጠሉን በእጅ መሸምጠጥ ነው። በኢንዶኔዥያ፥ በምሥራቅ ጃቫ ባቱ በምትባል ቦታ፥ ክረምትና በጋው በብርድ የማይለይበት አገር ሳለ፥ ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ባንድ ወር ገደማ የዛፉን ቅጠል ሁሉ ይሸመጥጣሉ። ቅጠሉ ሲነሣ ዛፉ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሳይገባ እንቡጡ ይፈነዳል፤ በዚህም ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ እስከ መልቀም ደርሰዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድገውን ቅርንጫፍ በገመድ ስቦ ማጋደምም ይረዳል፤ የተጋደመ ቅርንጫፍ ከቆመው ይልቅ አበባ ይይዛልና። ነገር ግን እንቡጡ ሳይጠና ቅጠሉ ቢሸመጠጥ ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጅበትን መሣሪያ ስለሚያጣ ይደክማል። ሽምጠጣ ጊዜውን ለሚያውቅ እጅ እንጂ ለችኩል አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የአበባው ጋብቻ ነው። አብዛኛው ፖም ከራሱ ዓይነት በመጣ የአበባ ብናኝ አያፈራም፥ ወይም በጣም ጥቂት ያፈራል። አሁን አንድ መቶ የአና ችግኝ የተከለ ሰው መቶ ዛፍ የተከለ ይመስለዋል፤ እነዚያ ሁሉ ግን ከአንድ ዛፍ የተቈረጡ ቅርንጫፎች በሌላ ሥር ላይ ተጣብቀው ያደጉ ስለ ሆኑ በዘራቸው እንደ አንድ ዛፍ ናቸው። ስለዚህ በአጠገባቸው በዚያው ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል፤ ለአናም ዘወትር የሚመረጥለት በባሃማስ ደሴቶች የተገኘው ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ነው። ችግኝ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ የዓይነቱ ስም ስለሚጠፋ ብዙ ሰው ይህን ጥንድ ሳያገኝ ይቀራል፤ ገዢው የችግኙን ቁመት አይቶ ስሙን ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ነገሩን ለልጆች ለማስረዳት አንድ ፖም ወገቡ ላይ አግድም መቍረጥ ይበቃል። በመካከሉ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይታያል፤ ይህም አምስት ጓዳ ነው፥ በእያንዳንዱም ጓዳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዘር ይገኛል። የአበባ ብናኝ በሚገባ ያልደረሰው ፖም አንዳንዱ ጓዳው ባዶ ስለሚሆን በዚያ ወገን ይጐብጣል። እንግዲህ በገበያ ጐባጣ የተባለው ፍሬ ብዙ ጊዜ የንብ ማነስን የሚናገር ምስክር ነው። ንብ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆንና ዝናብ ሲዘንብ ከቀፎዋ እምብዛም አትወጣምና፥ በደጋ ቀፎው ከአትክልቱ አጠገብ፥ የጧት ፀሓይ በሚያገኝበት ቦታ ቢሆን ይሻላል። ከዚህ ላይ ሽማግሎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አትክልተኛው ዛፉ አብቦ ሳለ የተባይ መርዝ ቢረጭ የጐረቤቱን ንብ ይፈጃል፤ ባለ ቀፎውም ይከሰዋል። ሁለቱ ግን የሚኖሩት አንዱ በሌላው ነው። ዳኝነቱ ከጠቡ በፊት ቢሆን፥ ማለት የርጭቱ ቀን በመንደሩ ስምምነት ከአበባው ወራት ቢወጣ፥ ካሣ ከመቍረጥ ይቀላል።

ሦስተኛው ችግር በረከት መስሎ የሚመጣ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ያታልላል፤ ይኸውም የፍሬ መብዛት ነው። ከአንድ እንቡጥ አምስት ወይም ስድስት አበባ ይወጣል፤ ጥንዱና ንቡ ከተሟሉ ከነዚህ ብዙዎቹ ፍሬ ይይዛሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዛፉ ራሱ አንዳንዱን ለጋ ፍሬ ያረግፋል። ገበሬው ይህን አይቶ በሽታ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ዛፉ መሸከም የማይችለውን መጣሉ ነው። የሚያስፈራውስ ያላረገፈው ነው። የሚመጣው ዓመት አበባ የሚጀመረው በዚህ ዓመት፥ ፍሬው ገና ለጋ ሆኖ በዛፉ ላይ ሳለ ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም አዲሱን የአበባ እንቡጥ የሚከለክል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ስለዚህ ዘንድሮ ከልክ በላይ ያፈራ ዛፍ ለከርሞ አያብብም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዐርፏልና ከልክ በላይ ያብባል። እንዲህ እየሆነ አንድ ዓመት ጥጋብ፥ አንድ ዓመት ባዶ ይሆናል፤ በጥጋቡም ዓመት ፍሬው እንደ እንቁላል አንሶ ዋጋ አያወጣም።

መከላከያው ፍሬውን ማሳሳት ነው። አበባው ካለፈ እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፥ ከአንድ እንቡጥ ከወጡት ፍሬዎች ትልቁንና ነቀፋ የሌለበትን አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መቅጠፍ፥ በሁለት ፍሬም መካከል አንድ ስንዝር ያህል መተው ይገባል። ይህን ሥራ በቃል መናገር ቀላል ነው፤ አራት ዓመት የጠበቀን ሰው ግን ያፈራውን በእጁ ቀጥፎ ወደ መሬት ጣል ማለት ከባድ ነገር ነው። አረጋውያን ግፍ ነው ቢሉ አያስደንቅም፤ ረኃብ ያየ ሰው ለጋ ፍሬ አይጥልም። መምህሩ እንዲህ ያለውን ሰው በቃል ሊረታው አይድከም፤ ጤፉን ሲያርም፥ ጎመኑን ሲያሳሳ የኖረ ገበሬ ይህንኑ ሥራ በሌላ ስም ያውቀዋል።

ከዐፈር በታች ያለው ነገር ባጭሩ ይነገራል። የፖም ዘር ተዘርቶ እናቱን የሚመስል ዛፍ አያወጣም፤ ስለዚህ መልካሙ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ይጣበቃል። ከነዚህ ሥሮች የታወቀው በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀው ኤም ኤም 106 ጥጥ የለበሰ የሚመስለውን የፖም ተባይ ይቋቋማል። ይሁንና ውሃ በሚተኛበት መሬት የግንዱ እግር ይበሰብስበታል። በደጋው ከባድ ዐፈርና በክረምቱ ዝናብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅጠሉ ያለ ጊዜው ሲቀላ ወይም ቢጫ ሲሆን የግንዱ ልጥ ከታች ቡናማ ሆኖ ይገኛል፥ ያን ጊዜም ዛፉን ለማዳን ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ችግኙ በጉብታ ላይ ይተከል፤ የተጣበቀበትም ቦታ ከዐፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ይታይ። ከዚያ በታች ከሥሩ የሚበቅለው ቀንበጥ ሁሉ የሌላ ዛፍ ነውና፥ ሳይዘገይ ይነቀል።

የትምህርት ቤቱ ቅጥር ሰፊ ከሆነ፥ አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ የሆኑ ሁለት ዛፎች፥ በአጠገባቸውም የሚያዳቅላቸው ሌላ ዓይነት ተተክለው፥ የአንዱ ፍሬ ይሳሳ፥ ሁለተኛው እንዳለ ይተው። ተማሪዎች የየዛፉን ፍሬ ቈጥረው፥ በሚዛን መዝነው በመዝገብ ይጻፉ፤ የመንደሩም ሽማግሎች በለቀማው ቀን ተጠርተው ይዩ። በመጀመሪያው ዓመት ያልተነካው ዛፍ በቍጥር ስለሚበልጥ በመምህሩ ላይ ሳቅ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ግን ሳይዘጋ እስከ ሁለተኛው ዓመት ለቀማ ድረስ ይቈይ።